ቀዩ መብራት ሲበራ፦ ሴንሰሩ ነው ወይስ ዘይቱ?



በሳሪስ አውራ ጎዳና ዳር ካሉት ጋራዦች በአንዱ ደጃፍ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ይህን አባባል መስማቱ አይቀርም፤ «ጋሼ፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ የዘይት ሴንሰሩ ነው፤ ይለወጣል።» አባባሉ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እውነት በማይሆንበት ቀን ግን ትንሿ ዕቃ ተለውጣ ትልቁ ሞተር ይሞታል።

የዛሬው የትምህርት አምዳችን የሚያተኩረው በዚህችው ትንሽ ዕቃ ላይ ነው። የሞተር ዘይት ግፊት ሴንሰር ምን እንደሆነች፣ እንዴት እንደምትሠራ፣ በቤት ግቢ ውስጥ እንዴት እንደምትለወጥ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲያዝልን እንፈልጋለን። ሴንሰር የሚለወጠው ግፊቱ ከተለካ በኋላ ነው። ነገ በየሙያ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ቆመን የምናስተምረው ወጣት ቁልፍ ይዞ መፍታትን ብቻ ከእኛ ከተማረ ፈቺ ይሆናል እንጂ መካኒክ አይሆንም።

ሀ. ዘይት ግፊት ለምን ያስፈልገዋል?

በሞተር ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ በብሮንዞቹ ላይ ይሽከረከራል። ሲታይ ብረት በብረት ላይ የሚዞር ይመስላል። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ግን ብረቱ ብረቱን አይነካውም። በሁለቱ መካከል የዘይት ሽፋን አለ። የክፍተቱ ስፋት በአብዛኞቹ የቤት መኪና ሞተሮች ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው። ሽፋኑ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከተቋረጠ ብረቱ ይፋጫል፣ ይግላል፣ ይላጣል። በመጨረሻም ሞተሩ ይነክሳል፤ ማለትም ብረት ከብረት ተጣብቆ ቀጥ ይላል።

የዘይት ፓምፑ ከሞተሩ ሥር ከተጠራቀመው ዘይት በወንፊት በኩል ይስባል፤ በፊልትሩ አሳልፎ ወደ ዋናው የዘይት መስመር ይገፋል። ከዚያም ዘይቱ ወደ ብሮንዞቹና ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ይከፋፈላል። እዚህ ላይ ሠልጣኞች ብዙ ጊዜ የሚያምታታቸው ነገር አለ። ፓምፑ የሚሰጠው ፍሰትን ነው። ግፊቱን የሚፈጥረው ፍሰቱ በጠባቡ ክፍተት ለማለፍ የሚያጋጥመው ተቃውሞ ነው።

ይህን ለመረዳት በቦኖ ውሃ ላይ የተሰካ ጎማ እናስታውስ። የጎማው ጫፍ ክፍት ሲሆን ውሃው ዝም ብሎ ይፈስሳል። ጫፉን በአውራ ጣት ስንደፍነው ውሃው ሩቅ ይረጫል፤ ጎማውም ይወጠራል። ቦኖው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መውጫው ነው። የሞተር ብሮንዝ ሲበላ ጣታችንን ከጎማው ጫፍ ላይ እንዳነሳን ያህል ነው። ፓምፑ አዲስ ቢሆንም ግፊቱ ይወርዳል።

ከዚህ እንደምንረዳው የዘይት ግፊት የሚወርድባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው፦
1. ዘይቱ አንሶ ፓምፑ አየር ሲስብ፤
2. ዘይቱ ሲቀጥን፣ ማለትም ሲያረጅ፣ ከመጠን በላይ ሲግል ወይም ቤንዚን ሲቀላቀልበት፤
3. ከፓምፑ በፊት ያለው ወንፊት በዝቃጭ ሲደፈን፤
4. ግፊት የሚቆጣጠረው ቫልቭ ተከፍቶ ሲቀር ወይም ፓምፑ ራሱ ሲያረጅ፤
5. የብሮንዞቹ ክፍተት ሲሰፋ።

ለ. ሴንሰሩ እንዴት ይሠራል?

መብራት ለማብራት የምታገለግለው ሴንሰር የአውራ ጣት ያህል ናት። በጥርሷ በኩል በሞተሩ አካል ላይ ተበስቶ ወደ ዘይት መስመር በሚገባ ቀዳዳ ውስጥ ትታሰራለች። በውስጧ ስስ ሽፋን፣ አንዲት ስፕሪንግና ሁለት የመገናኛ ነጥቦች አሉ። ከላይ አንድ ሽቦ ብቻ ይገባባታል። ሁለተኛው መስመር የሞተሩ አካል ነው፤ መካኒኮቻችን ማሳ የሚሉት ማለት ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ቁልፉን ስንከፍት ኤሌክትሪክ ከባትሪው በቁልፉ በኩል ወደ ዳሽቦርዱ አምፖል፣ ከአምፖሉ በሽቦው ወደ ሴንሰሯ፣ ከሴንሰሯም ወደ ማሳ ያልፋል። ሞተሩ ገና ስላልተነሳ ግፊት የለም፤ ስፕሪንጓ ነጥቦቹን አገናኝታ ይዛለች። ስለዚህ ጀበና የምትመስለው ቀይ ምልክት ትበራለች። ሞተሩ ሲነሳ የዘይቱ ግፊት ሽፋኑን ገፍቶ ነጥቦቹን ይለያያል፤ መብራቱም ይጠፋል። ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቱ ካልበራ ደስ አይበለን። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ሽቦው ተቆርጧል፣ ወይም ሆን ብሎ የነቀለው ሰው አለ ማለት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ሳያይ ገንዘቡን መቁጠር የለበትም።

አሁን ልብ ልንለው የሚገባ ቁም ነገር አለ። በኮሮላ ላይ ብዙ ዘመን ያገለገለውን የቶዮታ 4ኤ የቤንዚን ሞተር እንውሰድ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ግፊቱ በካሬ ሳንቲሜትር ከ0.3 ኪሎ ማነስ የለበትም። በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ መሆን አለበት። የመብራት ሴንሰር ነጥቦቿን የምታገናኘው ግን ግፊቱ ወደ 0.3 ኪሎ አካባቢ ሲወርድ ነው። እንግዲህ መኪናው በመንገድ ላይ 3000 ዙር እየዞረ ግፊቱ ከ2.5 ወደ 0.8 ቢወርድ ሞተሩ በከባድ አደጋ ላይ ነው፤ መብራቱ ግን አይበራም። መብራቱ የሚበራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ስለሆነም መብራት አለመብራቱ ሞተሩ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እየነዱ ሳለ ከበራ ደግሞ «ሳሪስ ልድረስና አየዋለሁ» የሚባልበት ጊዜ የለም። ዳር ይዞ መቆምና ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግዴታ ነው።

ሌላም ዓይነት ሴንሰር አለ። በብዙ የጭነት መኪናዎችና በአንዳንድ የላዳ ሞዴሎች ላይ ከመብራቱ ሌላ የግፊት ጌጅ ይገኛል። ለጌጅ የምታገለግለው ሴንሰር መስመር ቆርጣ የምታገናኝ ሳትሆን ከግፊቱ ጋር የኤሌክትሪክ ተቃውሞዋን የምትለዋውጥ ናት፤ በመልክም ብዙ ጊዜ ተለቅ ትላለች። አንዷን በሌላዋ ቦታ ማሰር አይቻልም። ዕቃ ለመግዛት ስንሄድ «የዘይት ሴንሰር ስጠኝ» ከማለት ይልቅ «የመብራት ነው» ወይም «የጌጅ ነው» ብሎ መናገር ከንቱ ምልልስ ያስቀራል።

ሐ. ሁለት መኪና፣ አንድ መብራት

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በአንድ ጠዋት ሁለት መኪናዎች ወደ አንድ ጋራዥ ገቡ እንበል።

አንደኛዋ የአንዲት መምህርት ቪትዝ ናት። መብራቱ ከትናንት ጀምሮ በርቶ አልጠፋም። ሞተሩ ድምፁ ለስላሳ ነው። ዘይቱ በመለኪያው ዘንግ ላይ ሙሉ ነው። የሴንሰሯ ሶኬት ሲነቀል ውስጡ በዘይት ርሷል። ሁለተኛው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተነዳ ሚኒባስ ነው። የሱ መብራት የሚበራው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ነው። ቤንዚን ሲረገጥ ይጠፋል። ጆሮ ለሰጠው ሰው ከሞተሩ ሥር የታፈነ ኳኳታ ይሰማል።

መካኒኩ ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠ። «ቲቸር፣ ሐሳብ አይግባዎት፤ ሴንሰሩ ነው።» «ጋሼ፣ የእርስዎም እንደዚያው ነው።»

መምህርቷ ሴንሰር ለውጣ በሰላም ሄደች። ሽፋኑ ተቀዶ ዘይት ወደ ሶኬቱ ያሳለፈው በእርግጥ ሴንሰሩ ነበርና። የሚኒባሱ መብራት ግን አዲስ ሴንሰር ታስሮም መብራቱን ቀጠለ። «የገዙት ዕቃ ደካማ ነው፤ ሌላ ይግዙ» ተባለ። ሌላ ተገዛ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ «ኧረ ሽቦውን ነቅለን እንገላገል!» ተባለና ተነቀለ። መብራቱ ጠፋ፤ ሁሉም ደስ አለው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚኒባሱ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ሰው ጭኖ ሲሄድ ሞተሩ ነከሰ።

እንግዲህ እናስላ። ሴንሰሩ ሦስት ጊዜ እውነቱን ተናግሯል፤ የሰማው ሰው ግን አልነበረም። ሞተሩ ወርዶ፣ ክራንክ ሻፍቱ ለሬቲፊካ ሄዶ፣ ዕቃ ተፈልጎ እስኪመለስ ድረስ ሹፌሩ፣ ረዳቱና ባለንብረቱ ሥራ ይፈታሉ። ያ ሁሉ የመጣው የሩብ ሰዓት ልኬት ስላልተደረገ ነው።

መ. ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት

ማንኛውም ሠልጣኝ የሚከተለውን ቅደም ተከተል በቃሉ መያዝ ይኖርበታል።

1ኛ. የዘይት መጠን። መኪናውን በደልዳላ ቦታ ማቆም፤ ሞተሩን አጥፍቶ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ፤ መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ በጨርቅ መጥረግ፤ መልሶ እስከ መጨረሻው ማስገባትና አውጥቶ ማንበብ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ሌላ ነገር ሳይነካ ተገቢው ዘይት ይጨመራል፤ ወዴት እንደሄደም ይመረመራል። መብራቱ ፍሬን ሲያዝ ወይም ኩርባ ላይ ብልጭ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይት ማነስ ነው።

2ኛ. የዘይቱ ጠባይ። በጣት ጠብታ ወስዶ ማየትና ማሽተት። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ቀጥኗል። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በነዚህ ሁኔታዎች ሴንሰር መለወጥ ዋጋ የለውም።

3ኛ. የሽቦው መስመር። አንድ ሽቦ ባላት የመብራት ሴንሰር ላይ ቁልፉን መክፈት፤ ሞተሩን ግን አለማስነሳት። መብራቱ ይበራል። ሽቦውን ከሴንሰሯ መንቀል፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ከማሳ ጋር ተገናኝቷል፤ ሴንሰሯ ንጹሕ ናት። ቀጥሎ የተነቀለውን የሽቦ ጫፍ ለአፍታ የሞተሩን አካል ማስነካት፤ መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ ጥፋቱ በአምፖሉ፣ በፊውዙ ወይም በሽቦው ነው። ሦስት ሽቦ የሚገባባቸው አዳዲስ ሴንሰሮች ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በነሱ ላይ ይህን ሙከራ ማድረግ ክልክል ነው።

4ኛ. የሴንሰሯ መልክ። አካባቢዋና ሶኬቷ በዘይት ከራሰ፣ ወይም የፕላስቲክ አናቷ ከተነቃነቀ፣ መለወጧ አይቀርም። ቢሆንም አምስተኛውን ደረጃ አያስቀርም።

5ኛ. የግፊት ልኬት። ይህ የነገሩ ሁሉ ፍርድ ነው። ሴንሰሯ ትፈታና በቦታዋ የሜካኒካል ግፊት መለኪያ ይታሰራል። መለኪያው በቤት ባይኖር በኪራይ ወይም በውሰት ይገኛል። ጎማው ከፋን፣ ከቺንጊያና ከጭስ ማውጫ መራቁ ይረጋገጥ። ሞተሩ ተነስቶ በደንብ እስኪሞቅ ይሠራል። ዘይት ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር የቀዝቃዛ ሞተር ንባብ ያታልላል። ሲሞቅ በሚኒሞና በ3000 ዙር ይነበባል፤ የተገኘው ቁጥር ከዚያው ሞተር የጥገና መጽሐፍ ጋር ይተያያል።

ግፊቱ ልክ ከሆነ ሴንሰሯ ዋሽታለች፤ ትለወጥ። ግፊቱ ዝቅ ካለ ሴንሰሯ እውነተኛ ናት፤ ሞተሩ ይጠፋ፣ መኪናውም ከቆመበት አይነሳ።

ሠ. አለዋወጡ በቤት ግቢ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አዲስ ሴንሰር፣ ለሴንሰሯ ልክ የሆነ ጥልቅ ቡሶላ (በብዙ ቶዮታዎች 24 ቁጥር ነው)፣ የባትሪ ቁልፍ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጠብታ መቀበያ ጣሳ፣ ባትሪ መብራትና ጥቂት የጥርስ ማስቲሽ።

ጥንቃቄ፦ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ሥራው ከሥር የሚሠራ ከሆነ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ሕይወት ያስከፍላል፤ ጠንካራ መቆሚያ ይደረግለት። ሞተሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይነሳ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። በግቢው ያሉ ሕፃናት ይራቁ። ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን።

የሥራው ቅደም ተከተል፦

1. የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት። ሴንሰሯ ብዙ ጊዜ ከሞተሪኖ ሽቦዎች ሩቅ አይደለችም፤ ቁልፍ ቢያገናኝ የእሳት ፍንጣሪ ይነሳል።

2. ሴንሰሯን መፈለግ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ከዘይት ፊልትሩ አጠገብ ወይም በሞተሩ ጎን ትገኛለች። በቮልስ ላይ በሞተሩ በግራ በኩል፣ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ናት።

3. ዙሪያውን መጥረግ። ሴንሰሯ ስትወጣ አቧራ ወደ ቀዳዳው ከገባ ወደ ብሮንዝ የሚወስድ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው።

4. ሶኬቱን መንቀል። ሽቦውን ሳይሆን የሶኬቱን አካል ይዞ፣ መያዣ ምላሱን ተጭኖ መሳብ።

5. ቡሶላውን እስከ መጨረሻው አስገብቶ ወደ ግራ መፍታት። በፒንሳ መያዝ አናቷን ይሰብራል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል። ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባል፤ በጣሳ ይያዝ። የሞተሩን ዘይት በሙሉ ማፍሰስ አያስፈልግም።

6. አሮጌዋንና አዲሷን ጎን ለጎን ማስተያየት። ጥርሱ፣ ርዝመቱ፣ የሶኬቱ ዓይነት አንድ መሆን አለበት። በብዙ የጃፓን መኪናዎች ላይ ያለው ጥርስ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ የአንድ ስምንተኛ ኢንች ሲሆን በአንድ ኢንች 28 ጥርስ አለው። የአሜሪካኑ አንድ ስምንተኛ ግን 27 ነው። ሁለቱ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ መጀመሪያም ይያያዛሉ። በግድ ሲታሰሩ ግን የሞተሩን ጥርስ ይበላሉ። የአውሮፓ መኪናዎች ደግሞ በሚሊሜትር የሚለካ ሌላ ጥርስ አላቸው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስንሄድ አሮጌዋን ይዘን እንሂድ።

7. ማስቲሽ መቀባት። እየጠበበ በሚሄደው ጥርስ ላይ ጥቂት ብቻ ይቀባል፤ ከጫፉ ያሉት ሁለት ጥርሶች ሳይቀቡ ይቀራሉ። አንዳንድ ሰው የቧንቧ ቴፍሎን እየጠመጠመ ያስራል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ሴንሰሯ ማሳዋን የምታገኘው በጥርሷ በኩል ስለሆነ ቴፍሎኑ ሊያቋርጠው ይችላል። ሁለተኛ፣ የተቆራረጠ ቴፍሎን ወደ ዘይት መስመር ገብቶ ቀጭን ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። የመዳብ ቀለበት ያለበት ሴንሰር ከሆነ ጥርሱ አይቀባም፤ ቀለበቱ በአዲስ ይለወጣል።

8. በእጅ ማስገባት። መጀመሪያ በጣት ብቻ ሁለት ሦስት ዙር ትግባ። ካልገባች ተጣማለች፤ አውጥቶ እንደገና መሞከር።

9. ማጥበቅ። ለቶዮታው አንድ ስምንተኛ ጥርስ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። ይህ ማለት 20 ሳንቲሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 7.5 ኪሎ ያህል መጫን ነው። የጎልማሳ ሰው ሙሉ ክንድ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚጭን «እስኪበቃኝ» ብሎ ማሰር የአሉሚኒየም አካልን ይሰነጥቃል።

10. ሶኬቱንና ባትሪውን ማገናኘት፤ ቁልፉን ከፍቶ መብራቱ መብራቱን ማየት። ከዚያ ሞተሩን ማስነሳት፤ ቤንዚን ሳይረግጡ መጠበቅ። መብራቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት። ከጠፋ እስኪሞቅ አሠርቶ በሴንሰሯ ዙሪያ ዘይት እንደማያልፍ በመብራት ማየት። በመጨረሻ አጥፍቶ የዘይቱን መጠን እንደገና መለካት።

በጣሳ የተያዘውን የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ መድፋት ነውር ነው። ከሠፈራችን ቦይ የሚወጣው ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙ በታች ደግሞ አትክልት የሚያለማና ከብት የሚያጠጣ ሕዝብ አለ። በጀሪካን አጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ መስጠት ይገባል።

ረ. ግፊቱ በእርግጥ ዝቅ ብሎ ከተገኘስ?

ያን ጊዜ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንሄዳለን። በመጀመሪያ መኪናው መጽሐፍ የሚያዘው ዓይነት አዲስ ዘይትና አዲስ ፊልትር ይደረግና ግፊቱ እንደገና ይለካል። ካልተስተካከለ የሥር መያዣው ወርዶ ወንፊቱ ይታያል። ቀጥሎ የግፊት ቫልቩና ፓምፑ ይመረመራሉ። በመጨረሻ የብሮንዞቹ ክፍተት ይለካል። በመያዣው ውስጥ ወይም በአሮጌው ፊልትር ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከታየ ብሮንዙ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚመርጠው ወፍራም ዘይት መጨመር ነው። ወፍራም ዘይት ጌጁን ከፍ ያደርጋል፤ መብራቱንም ያጠፋል። ክፍተቱን ግን አያጠብም። በሐምሌ ጠዋት ብርድ ደግሞ ወፍራሙ ዘይት ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ እስኪደርስ ብረቱ በደረቁ ይፋጫል። ለገዢ ለማስመሰል የሚያደርገውም ሰው አይጠፋም። የኛ ተማሪ ግን ይህን ዘዴ በስሙ ሊጠራው ይገባል፤ ማታለል ነው።

ነገሩ ዛሬ ከፊተኛው ጊዜ ይበልጥ ክብደት አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና የሞተር ዘይት መብራት የለውም። በየመንገዱ ያሉት ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ሚኒባሶች ግን በአንድ ቀን አይጠፉም፤ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ ያለውን ሞተር ማቆየት የሚችል ባለሙያ ማፍራት ከኛ ይጠበቃል።

ሰ. ለክፍል የሚሆን የማስተማሪያ መሣሪያ

ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማር ተማሪውን ያሰለቻል። በትንሽ ወጪ የሚከተለውን መሥራት ይቻላል። አንድ ጣውላ ላይ የ12 ቮልት ባትሪ፣ ከ5 ዋት ያልበለጠ የዳሽቦርድ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያ ይያያዛሉ። ከአምፖሉ የሚወጣው ሽቦ ከጋራዥ በተገኘች አሮጌ ግን በምትሠራ ሴንሰር አናት ላይ ይሰካል። የሴንሰሯ አካል ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል። በሴንሰሯ ጥርስ ላይ ወፍራም የጎማ ቱቦ በሽቦ ጠብቆ ይታሰርና በሌላ ጫፉ የብስክሌት መንፊያ ይገጠምለታል።

ማብሪያው ሲበራ አምፖሉ ይበራል። አንድ ተማሪ መንፊያውን በቀስታ ሲጫን አምፖሉ ወዲያው ይጠፋል፤ አየሩ ሲለቀቅ ተመልሶ ይበራል። በመካከሉ ጌጅ ቢጨመር ተማሪዎቹ አምፖሉ በምን ያህል ግፊት እንደሚጠፋ ራሳቸው አንብበው ይጽፋሉ። ያን ጊዜ ቁጥሩ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ስለሚያዩ መብራቱ ዘግይቶ እንደሚናገር ያለ ብዙ ንግግር ይገባቸዋል። ቀጥሎ መምህሩ ሽቦውን ይነቅልና «አሁን መብራቱ ጠፍቷል፤ ሞተሩ ዳነ?» ብሎ ይጠይቅ። ክርክሩን ተማሪዎቹ ይጨርሱት።

መልመጃ

1. ቁልፍ ተከፍቶ ሽቦው ከሴንሰሩ ቢነቀልም መብራቱ አልጠፋም። ጥፋቱ የት ነው?
2. የአንድ ኮሮላ 4ኤ ሞተር ሞቆ በሚኒሞ 0.8፣ በ3000 ዙር 3.2 ኪሎ ተነበበ፤ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። ምን ይለወጣል? ምን አይነካም?
3. መብራቱ ሽቅብና ቁልቁል፣ ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ላይ ብቻ ብልጭ ይላል። መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?
4. የቁልፋችሁ እጀታ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን 15 ኒውተን ሜትር ለማግኘት ስንት ኪሎ ያህል መጫን ያስፈልጋል?
5. አንድ ሹፌር «መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ምክንያታችሁን ከቦኖው ጎማ ምሳሌ ጋር አያይዛችሁ በአምስት መስመር ጻፉ።

መልሶቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን አስረክቡ። የአምስተኛውን ጥያቄ መልሶች አሰባስበን በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን።